ፍሬውና ለቃሚው፤ በፖስታ ቴምብር ላይ ስለተሣሉ እንጆሪዎች

ከሥዕል ሥራዎች ሁሉ በመጠን ትንሹ፣ በሥርጭት ግን ሰፊው የፖስታ ቴምብር ነው። በትልቅ ሸራ ላይ የተሠራ ሥዕል ተመልካቹን ወደ አዳራሽ ጠርቶ ያቆማል፤ ቴምብር ግን ራሱ ተጉዞ ተመልካቹ ደጃፍ ድረስ ይሄዳል። ገበሬውም፣ ወታደሩም፣ ተማሪውም፣ የዕዳ ማስጠንቀቂያ የደረሰው ነጋዴም ሳይፈልጉት ያዩታል። ሠዓሊው ሳይታወቅ ሥራው በሚሊዮን ይታተማል፤ በመጨረሻም በማኅተም ቀለም ተደብድቦ ቅርጫት ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህም አያሌ ሐያስያን ቴምብርን እንደ ኪነ ጥበብ ሥራ ቆጥረው ለመመርመር አይነሡም። ይሁን እንጂ አንድ መንግሥት በገዛ ወረቀቱ ላይ ምን እንዲሣል እንደፈቀደ፣ ምንስ እንዲቀር እንዳደረገ ለመረዳት ለሚሻ ሰው ከቴምብር የበለጠ ቅርብ ማስረጃ በቀላሉ አይገኝም።

የቴምብር ፊት መጀመሪያ የገዥ ፊት ነበር። እንግሊዝ በ1840 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመጀመሪያውን ቴምብር ስታወጣ ያተመችው የንግሥት ቪክቶሪያን የጎን ፊት ሲሆን፣ የአገሪቱን ስም መጻፍ እንኳ አላስፈለጋትም፤ ፊቱ አገር ነውና። ኢትዮጵያም በ1894 የራሷን ቴምብር ስታስወጣ ኧዤን ሙሾን የተባለው ፈረንሳዊ ቀራጭ የሠራላት የዳግማዊ ምኒልክን ምስልና የይሁዳ አንበሳን ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ግን የቀለም ኅትመት እየተስፋፋ፣ ቴምብር ሰብሳቢውም እየበዛ ሲሄድ፣ በዙፋኑ ቦታ አበባ፣ ወፍ፣ ቢራቢሮና ፍሬ በብዛት ይቀመጡ ጀመር። ምክንያቱ ገበያ ብቻ አይደለም። ንጉሥ ይገለበጣል፤ ጀግና ተመርምሮ ይነቀፋል፤ የድል በዓል ለተሸናፊው ልጆች ቁስል ነው። እንጆሪ ግን ጠላት የለውም። የፖስታ መሥሪያ ቤት ማንንም ሳያስቀይም መዋል ሲፈልግ ወደ ጓሮው ዞር ይላል። ሐያሲ ቆም ብሎ መመልከት ያለበትም እዚህ ላይ ነው። ማንንም የማያስቀይም ሥዕል፣ ምን ትቶ ነው ያላስቀየመው?

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መመርመሪያ የሚሆኑት የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት በ1999 ያወጣቸው አራት ቴምብሮች ናቸው። ርእሰ ጉዳያቸው በእንግሊዝኛ «ቤሪ» በሚል የወል ስም የሚጠሩት ፍሬዎች ሲሆኑ፣ እነርሱም ብሉቤሪ፣ ራስቤሪ፣ የጓሮ እንጆሪና ብላክቤሪ ናቸው። ዋጋቸው 33 ሳንቲም፣ ማለትም በዚያን ጊዜ አንድ ተራ ደብዳቤ በአገር ውስጥ ለመላክ የሚከፈለው ሒሳብ ነበር። ይህ ዋጋ ቀላል ነገር አይደለም። የመታሰቢያ ቴምብር ለአንድ በዓል ታትሞ የሚያልቅ የክት ልብስ ነው፤ እነዚህ ግን የዘወትር ነበሩ፤ የመብራት ሒሳብ የተከፈለባቸው፣ ለእናት የተጻፈባቸው፣ ለሥራ ማመልከቻ የተላከባቸው። ሥዕሎቹን የሠራው ለናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት የተፈጥሮ ሥዕሎችን በመሥራት የታወቀው ኔድ ሳይድለር ነው። ቴምብሮቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሽያጭ የቀረቡትም ኤፕሪል 10 ቀን በሉዊዚያና ክፍለ ግዛት፣ ፖንቻቱላ በምትባል ትንሽ ከተማ ነበር። ፖንቻቱላ በእንጆሪዋ ትታወቃለች፤ በየዓመቱም በሚያዝያ ወር የእንጆሪ በዓል ታከብራለች።

የሳይድለር የእጅ ችሎታ አያጠያይቅም። የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ፍሬን ክብ አድርጎ ማሳየት፣ ለቅጠሉ ክብደት፣ ለጥላው ልከኛ ጥልቀት መስጠት ረጅም ዘመን የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል። ተመልካቹ አንዱን ፍሬ ከሌላው ለመለየት አይቸገርም፤ ፍሬው የበሰለ መሆኑንም ሳይነገረው ያውቃል። ቅርጹን ብቻ ለሚመዝን ሰው ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል።

ከዚህ በፊት ግን ስለ ስማቸው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የዕፀዋት ተመራማሪዎች «ቤሪ» የሚሉት ሙሉ ሥጋው ከአንድ የአበባ እንቁልጢ የሚወጣውንና ዘሩን በውስጡ የሚይዘውን ፍሬ ነው። በዚህ ሕግ ከተሄደ ከአራቱ መካከል በእርግጥ ቤሪ የሚባለው ብሉቤሪ ብቻ ይሆናል። የጓሮው እንጆሪ ቀይ ሥጋ አበባው የተቀመጠበት መደብ አብጦ የተፈጠረ ሲሆን፣ በላዩ የተበተኑት ፍሬ መሳይ ነጠብጣቦች ናቸው ዋናዎቹ ፍሬዎች። ራስቤሪና ብላክቤሪም እያንዳንዳቸው የብዙ ጥቃቅን ፍሬዎች ጥርቅም ናቸው። በአንጻሩ ቲማቲም፣ ወይን፣ ሙዝ፣ እንዲያውም በየቤቱ የሚደለዘው በርበሬ እውነተኛ ቤሪዎች ናቸው። እንግዲህ የቴምብሮቹ የወል ስም የሳይንስ ሳይሆን የገበያና የወጥ ቤት ስም ነው። ይህ ነውር አይደለም። አማርኛም የዱሩንም ሆነ ከውጭ የመጣውን የጓሮ ተክል በአንድ ቃል እንጆሪ ብሎ ይጠራል፤ ለሌሎቹ ግን የወል ስም ሳይሻ አጋም፣ ቀጋ፣ ኮሽም እያለ በየስማቸው ይለያቸዋል። እነዚህ ሁሉ ደግሞ አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ እሾህ አላቸው። ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል የሚባለው ያለ ነገር አይደለም። በኢትዮጵያ ገጠር ያደገ ተመልካች የዱር ፍሬ ሥዕል ሲቀርብለት ዓይኑ አስቀድሞ የሚፈልገው እሾኩን ነው። ፍሬውን ያገኘው በተቧጨረ ክንድ ነውና።

አራቱም የአሜሪካ ቴምብሮች ፍሬውን ከቅጠሉ ጋር ቆርጠው በነጭ መደብ ላይ ያኖሩታል። አፈር የለም፤ ግንድ የለም፤ ሰማይ የለም። ይህ አሣሣል የራሱ የከበረ ታሪክ አለው። በ18ኛው መቶ ዓመት እንደ ጌኦርግ ኤሬት ያሉ የዕፀዋት ሠዓሊዎች ነጩን መደብ ያጸኑት ለውበት ብለው ብቻ አልነበረም። ተመራማሪው የቅጠሉን ጠርዝና የአበባውን ክፍሎች ያለ እንቅፋት ቆጥሮ ተክሉን ከዘመዶቹ እንዲለይ ነበር። ነጩ መደብ የዕውቀት መሣሪያ ነበር ማለት ነው። አንድ የሥዕል ዘዴ ከተፈጠረለት ተግባር ተላቆ ወደ ሌላ ሥራ ሲሻገር ምን እንደሚያጣ ማየት የሐያሲ ሥራ ነው፤ ለዚህም እዚያው አሜሪካ ውስጥ ግሩም ማነጻጸሪያ አለ።

የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር በ1886 የፍራፍሬ ጥናት ክፍል አቋቋመ። የቀለም ፎቶግራፍ ለሕዝብ ባልደረሰበት በዚያ ዘመን ገበሬው የተክሉን ዝርያ ለይቶ የሚያውቅበት ሥዕል ያስፈልገው ስለነበር፣ ክፍሉ ሠዓሊዎችን በደመወዝ ቀጠረ። ከእነርሱም መካከል እንደ ዴቦራ ፓስሞር፣ አማንዳ ኒውተንና ሜሪ ዴይዚ አርኖልድ ያሉ ሴቶች ታላቁን ድርሻ ይዘዋል። እስከ 1942 ድረስ የተሠሩት የውኃ ቀለም ሥዕሎች ከ7,500 በላይ ሲሆኑ ዛሬም በብሔራዊው የግብርና ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው ይገኛሉ። በእነዚህም ሥዕሎች መደቡ ነጭ ነው፤ ፍሬውም ተቆርጦ የቀረበ ነው። ልዩነቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው። እዚያ የበሰበሰው እንደበሰበሰ፣ ትል የበላው እንደተበላ፣ ሻጋታ የያዘው እንደሻገተ ተሥሏል። ፍሬው ለሁለት ተሰንጥቆ ሆዱ ይታያል። በግርጌው ደግሞ ፍሬው የመጣበት ቦታና የላከው ገበሬ ስም በእጅ ጽሑፍ ሠፍሯል። ባለሙያዎቹ ሾላ በድፍን አላሉም፤ ከፍተው አዩ፤ ያዩትንም ሣሉ።

የ1999 ቴምብሮች ከዚህ ወግ ነጩን ወረቀት ወሰዱ፤ የእጅ ጽሑፉን ተዉት። ቁስሉን ወይም ሻጋታውን አልፈለጉትም፤ የሰውየውም ስም አላስፈለጋቸውም። ስለዚህ ሥዕሉ የዕውቀት ሥዕል መስሎ ሳለ የሚሠራው የመደብር መስኮት ሥራ ነው። ነቀፌታው ለሳይድለር አይደለም። ሠዓሊው የታዘዘውን በሚገባ ሠርቷል፤ ምናልባትም ከሚገባው በላይ በጥሩ ሁኔታ ሠርቶታል። የሥዕሉ ትክክለኛነት የጎደለውን ነገር እንዳይታይ አድርጎ ሸፍኖታልና።

ምን ጎደለ? ብሉቤሪን እንውሰድ። ይህ ፍሬ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ድረስ የጫካ ፍሬ ነበር፤ አይለምድም፣ ከአሲድማ ረግረግ መሬት ወጥቶ በእርሻ አይጸድቅም ተብሎ ይታመን ነበር። ፍሬድሪክ ኮቪል የተባለው የመንግሥት የዕፀዋት ተመራማሪ የአፈሩን ምሥጢር አጥንቶ ውጤቱን በ1910 አሳተመ። በኒው ጀርሲ፣ ዋይትስቦግ ቤተሰቧ ክራንቤሪ ያመርት የነበረው ኤልሳቤጥ ዋይት ይህን አንብባ በ1911 ከተመራማሪው ጋር ሥራ ጀመረች። እርሷ መሬትና ገንዘብ ነበራት፤ ጫካውን ግን አታውቀውም። ጫካውን የሚያውቁት በአካባቢው የሚኖሩ ድኾች ነበሩ። ስለዚህ ቀዳዳ ያለው መለኪያ እየሰጠች ከዚያ ቀዳዳ የማያልፍ ትልልቅ ፍሬ የሚያፈራ ቁጥቋጦ ፈልጋችሁ አምጡ አለቻቸው፤ ለሚያገኙትም ከፈለች፤ ቁጥቋጦውንም በአግኚው ስም ሰየመችው። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ሩብ ሊክ ይባል ነበር። ዋይት እንደተናገረችው «ሩብ» የሚለው ለፍሬ የማይመች ስም ሆኖ ታያት፤ «ሊክ» ደግሞ በእንግሊዝኛ የሽንኩርት ዘመድ ስም ነው። ስለዚህ ከሁለተኛው ስም የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ ወስዳ በፊተኛው ላይ ቀጠለችና «ሩብል» አለችው። (በአማርኛ ሲነበብ የሩሲያን ገንዘብ ማስታወሱ የአጋጣሚ ነገር ነው።) የመጀመሪያው የእርሻ ብሉቤሪ በ1916 ለገበያ ቀረበ። ሩብል ዛሬም ይተከላል።

እንግዲህ ከጫካ ወጥቶ ለእርሻ የበቃው ይህ ፍሬ የአንድ ተመራማሪ፣ የአንዲት ባለ መሬትና የብዙ ዱር ዘዋሪ ድኾች ሥራ ውጤት ነው። በቴምብሩ ላይ ግን ፍሬው ሰው ነክቶት የማያውቅ መስሎ፣ ከሰማይ እንደወረደ መና ሆኖ ይታያል። ስለ ጓሮው እንጆሪም ተመሳሳይ ነገር መናገር ይቻላል። ይህ ተክል ሁለት የአሜሪካ አህጉር ዝርያዎች፣ አንዱ ከሰሜን፣ ሌላው ከቺሊ፣ በ18ኛው መቶ ዓመት አውሮፓ ውስጥ ተዳቅለው የተገኘ ዲቃላ ነው። የቺሊውን ዝርያ በ1714 ወደ ፈረንሳይ ያመጣው ፍሬዚዬ የተባለ መኮንን ሲሆን፣ የሄደው የስፔንን ምሽጎች ለመሰለል ነበር። በፖንቻቱላ ዙሪያ ደግሞ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ እንጆሪውን ከለቀሙት መካከል ብዙዎቹ ከሲሲሊ የፈለሱ ኢጣልያውያን ነበሩ።

ከሁሉም በላይ የሚያስገርመው ጊዜው ነው። በ1996 የአሜሪካ የእርሻ ሠራተኞች ማኅበር በካሊፎርኒያ የእንጆሪ ለቃሚዎችን ለማደራጀት ታላቅ ዘመቻ ጀመረ። የአገሪቱ እንጆሪ ከፍተኛው ክፍል የሚመረተው በዚያው ክፍለ ግዛት ነው። እንጆሪ ከመሬት ብዙ የማይነሣ ተክል ስለሆነ ለቃሚው ቀኑን ሙሉ ወገቡን አጥፎ ይውላል፤ ፍሬው ስለሚላላጥም የማሽን ጥርስ አይችለውም፤ ጣት ይፈልጋል። በኤፕሪል 1997 በዋትሰንቪል ከተማ ብዙ ሺህ ሰዎች ለእነዚህ ለቃሚዎች ድጋፍ ሰልፍ ወጡ። ልክ በሁለት ዓመቱ፣ በዚያው በኤፕሪል ወር፣ የመንግሥት ፖስታ እንጆሪን በነጭ መደብ ላይ አኑሮ ለሕዝብ አቀረበ። ሁለቱ ነገሮች ሆን ተብሎ ተያይዘዋል ማለት አይቻልም፤ የፖስታ ሥዕል ከዓመታት በፊት የሚታቀድ ነው። ግን ያ ሰልፍ በጋዜጦች በወጣበት አገር ያ ቴምብር ያንን ሁሉ ሳያስታውስ መኖር መቻሉ ራሱ የሥዕሉ ይዘት አካል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። የሰው እጅ ያልታየበት ፍሬ ሁሉ ሐሰት ነው ከተባለ የዓለም የሥዕል ታሪክ ግማሹ መጣሉ ነው። ፍሬን ስለ ፍሬነቱ ብቻ መሣል ነውር ነው እንዴ? አይደለም። በየፍሬው ጎን ጎንበስ ያለ ሠራተኛ ማቆም ሥዕልን ወደ መፈክር መለወጥ ይሆናል፤ እንዲህ ያለው ሥራ በብዙ አገሮች ተሞክሮ የሰለቸ፣ ፊቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት የሆኑበት፣ ጡንቻው እንጂ ሰውየው የማይታይበት ነበር። የሚጠየቀው ሌላ ነው። ፍሬውን ብቻ ሥሎም ሰውን ማስታወስ ይቻላል ወይ የሚል ነው። የመቻሉ ማስረጃ በሌሎች ሁለት አገሮች ቴምብሮች ላይ ይገኛል።

የመጀመሪያው የእንግሊዝ ነው። በሴፕቴምበር 1993 የእንግሊዝ ፖስታ የመጸውን ወራት በማሰብ አምስት ቴምብሮችን አወጣ፤ ሠዓሊዋ ቻርሎት ኖክስ ናት። ከአምስቱ መካከል አንደኛው ብላክቤሪ፣ ሌላው በቀያይ ፍሬው የሚታወቀው ሮዋን የተባለው ዛፍ ነው። እዚህም ተቆርጦ የቀረበ ተክል ነው፤ በአሣሣሉ ከአሜሪካው ብዙ አይርቅም። ነገር ግን ብላክቤሪው የተሰጠው ዋጋ 24 ፔንስ ነበር፤ ይኸውም በዚያን ወቅት የአንደኛ ደረጃ ደብዳቤ ዋጋ ነው። በእንግሊዝ አገር ብላክቤሪ በየአጥሩ ጥግ ሳይተከል የሚበቅል፣ ልጆችና አሮጊቶች በነጻ የሚለቅሙት፣ የእኛን የዱር እንጆሪ የሚመስል እሾኻም ነው። ማንም ያልዘራው ቁጥቋጦ ከንግሥቲቱ ምስል ጎን ተቀምጦ ፈጣኑን ደብዳቤ ተሸከመ። በቴምብሩ ተመልካች አእምሮ ውስጥ ለቃሚው ራሱ ተመልካቹ ነው፤ የልጅነት ጣቱ በፍሬው ጭማቂ የቀላ። ስለዚህ እጁ ባይሣልም አልጠፋም። ይህ ግን የሠዓሊዋ ብልኀት ከመሆኑ ይልቅ የተክሉ ዕድል መሆኑን መካድ አይገባም፤ ብላክቤሪን ሲለቅም ላላደገ ሰው ሥዕሉ ዝም ይላል።

ሁለተኛውና የበለጠው ማስረጃ የፊንላንድ ነው። ፊንላንድ በ1958 ሦስት የፍሬ ቴምብሮች አወጣች። እነርሱም በፊንላንድ ቋንቋ ቫዴልማ የሚባለው ራስቤሪ፣ ፑኦሉካ የሚባለው ትንሽ ቀይ የጫካ ፍሬ፣ እና ሙስቲካ የሚባለው የብሉቤሪ ዘመድ ነበሩ። በእነዚህ ቴምብሮች ላይ ሥዕሉን ከሚያህል ቁም ነገር በዋጋው ውስጥ አለ። ዋጋው አንድ ቁጥር አይደለም፤ ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ በመካከላቸውም የመደመር ምልክት አለ። የፊተኛው ቁጥር የፖስታው ነው፤ የኋለኛው፣ ትንሹ፣ ለሳንባ ነቀርሳ መከላከያ የሚውል ነው። አገሪቱ ከጦርነቱ ማግሥት ከ1946 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ቴምብሮችን እያወጣች ለበሽታው መከላከያ ገንዘብ ታሰባስብ ነበር። ደብዳቤ ላኪው ራስቤሪውን ገዝቶ ሲለጥፍ ለማያውቀው በሽተኛ ጥቂት ሳንቲም ያዋጣል።

ያ የመደመር ምልክት ከሥዕሉ ጋር ተዋሕዶ ሌላ ትርጉም ይፈጥራል። በፊንላንድ የዱር ፍሬ የወል ሀብት ነው። ጫካው የግል ቢሆንም ማንም ሰው ገብቶ ፍሬ እንዲለቅም የአገሪቱ ወግ ይፈቅድለታል፤ «የማንኛውም ሰው መብት» ይሉታል። ስለዚህ ለፊንላንዳዊው የእነዚህ ፍሬዎች ሥዕል የጋራ የሆነ፣ በባለቤት አጥር ያልተከለለ ነገር ምስል ነው። በእርሱ ላይ የጋራ መዋጮ ሲታከልበት ይዘቱና ቅርጹ ይገናኛሉ፤ የሁሉም የሆነው ፍሬ ለሁሉም ጠላት ለሆነው በሽታ መከላከያ ዋለ። እጅ አልተሣለም፤ በሽተኛም አልተሣለም። አንዲት የመደመር ምልክት ብቻ ናት ሁለቱንም የጠራችው። በቴምብር ሥራ ውስጥ ዋጋውን የሥዕሉ አካል ያደረገ እንዲህ ያለ ሥራ ብዙ አይገኝም፤ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ሠዓሊው በግድ የሚታገሠው ቁጥር ነውና።

ይህም ሲባል ጫካው በዚያው እንደቆየ ማሰብ የዋህነት ነው። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በፊንላንድ ጫካ ለንግድ የሚለቀመውን ፍሬ በአብዛኛው የሚለቅሙት በየበጋው ከታይላንድ የሚመጡ ሰዎች ናቸው። የማንኛውም ሰው መብት ለእነርሱም ጫካውን ከፍቷል፤ ግን ቀጣሪ የሌላቸው ለቃሚዎች ተደርገው ስለተቆጠሩ ለብዙ ዘመን የሠራተኛ መብት ሳይኖራቸው ኖሩ። በ2020ዎቹም በእነርሱ ጉዳይ በሰው መነገድ ወንጀል ተከሰው ፍርድ ቤት የቀረቡ የፍሬ ነጋዴዎች ነበሩ። የ1958ቱ ቴምብር ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር። ዛሬ የሚያየው ሰው ግን ሳያውቅ ሊያየው አይችልም፤ ያች የመደመር ምልክትም አሁን የምትጠይቀው ሌላ ድምር ነው።

ወደ አሜሪካ እንመለስ። እንጆሪዎቹ ከወጡ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2003፣ ያው የፖስታ አገልግሎት የእርሻ ሠራተኞች መሪ የነበረውን የሴሳር ቻቬዝን ምስል የያዘ የ37 ሳንቲም ቴምብር አወጣ። ሥዕሉ የሮበርት ሮድሪጌዝ ነው። ከመሪው ፊት በስተኋላ የወይን እርሻ ይታያል፤ ወይንም ከላይ እንደተባለው በዕፀዋት ሕግ እውነተኛ ቤሪ ነው። እንግዲህ ፍሬውን የሚያፈራው ተክልና ለቃሚውን የሚያስታውሰው ሰው በአንድ ቴምብር ላይ ተገናኙ ማለት ነው፤ ከ1999ኙ ነጭ መደብ ጋር ሲነጻጸር ታላቅ እርምጃ ነው። አፈሩ ተመልሷል፤ ተክሉ ከሥሩ ጋር ቆሟል።

ግን ሥዕሉን ደግሞ ማየት ያስፈልጋል። የዴላኖን የወይን ለቃሚዎች አድማ በሴፕቴምበር 1965 የጀመሩት ከፊሊፒንስ የመጡ ሠራተኞች ነበሩ፤ ከመሪዎቻቸውም አንዱ ላሪ ኢትሊዮንግ ይባላል። የቻቬዝ ማኅበር የተቀላቀላቸው ከሳምንት በኋላ ነው። አድማው አምስት ዓመት ፈጅቶ በ1970 በስምምነት እስኪያበቃ ድረስ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ደመወዝ አጥተው ቆይተዋል። ቴምብሩ ከዚህ ሁሉ ሕዝብ አንድ ፊት መርጦ አቀረበ፤ የጥንቱ የቴምብር ልማድ፣ ፊት አገር ነው የሚለው፣ በሌላ መንገድ ተመልሶ መጣ። ፊቱ ከፊት ለፊት ጎልቶ ቆሟል። ከኋላው የወይኑ ረድፎች ተዘርግተዋል፤ በረድፎቹ መካከል ግን አንድም ሰው የለም።